ጭብጨባና ፍርስራሽ፦ የአንድ ግሥ ጉዞ ከሮም እስከ ላስ ቬጋስ

የፕላውቱስንና የቴሬንስን ኮሜዲዎች የመጨረሻ ገጽ የገለጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ታሪኩ አልቆ፣ የተጣላው ታርቆ ሲያበቃ ተዋናዩ ወደ ሕዝቡ ይዞርና «አጨብጭቡ» ይላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሮም መድረክ ወጉ ይህ ነበር። የላቲኑ ግሥ «ፕላውዴሬ» ነው፤ መዳፍን ከመዳፍ ማማታት፣ ማጨብጨብ። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዩስ እንደመዘገበው፣ ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በ14 ዓ.ም. ሊሞት ሲያጣጥር ወዳጆቹን አስጠርቶ የሕይወትን ተውኔት በወጉ ተጫውቼ እንደሆነ ንገሩኝ አለ፤ በወጉ ተጫውቶ ከሆነም በጭብጨባ እንዲሸኙት ጠየቀ።

የሮም ሕዝብ ግን የሚያጨበጭበው ለወደደው ብቻ አልነበረም። ቃሉ የጠፋበት ወይም ምቱን የሳተ ተዋናይ ሲያጋጥመው በዚያው እጁ እያማታ መድረኩን ያስለቅቀዋል። ላቲን ለዚህ የተለየ ግሥ ነበራት። «ወደ ውጭ» የሚለውን «ኤክስ» ከፊት አስቀድማ «ኤክስፕሎዴሬ» አለች፤ አጨብጭቦ ማባረር ማለት ነው። ኪኬሮ በአንድ ጽሑፉ፣ ተዋናይ ከምቱ ጥቂት ቢወጣ ወይም ስንኙን በአንዲት ቀለም ቢያሳጥር ወይም ቢያስረዝም በፉጨትና በጭብጨባ እንደሚባረር ይናገራል። የቅኔ ቤት ሰዎቻችን ይህን ቢሰሙ አይገርማቸውም፤ ቀለም የጎደላት ቅኔ ዝም ተብላ እንደማትታለፍ እነሱም ያውቁታል።

በእኛም ዘንድ መዳፍ ብዙ ይናገራል። በዝማሬ ጊዜ እናጨበጭባለን፤ ለሙሽሮች እናጨበጭባለን፤ በቀድሞው ምግብ ቤትና ቡና ቤት አስተናጋጅ የሚጠራውም በጭብጨባ ነበር። ያሰበው ሳይሆንለት ባዶ እጁን የተመለሰውን ሰው ደግሞ «አጨብጭቦ ቀረ» እንለዋለን። የያዘው ነገር ስለሌለ ሁለቱ መዳፎቹ ይገናኛሉ። ይህችን አባባል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ላስ ቬጋስ ስንደርስ እንፈልጋታለን።

ሮም ወድቃ፣ ላቲንም የቤተ ክርስቲያንና የምሁራን ቋንቋ ሆና ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ፣ እንግሊዞች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያንን የማባረር ግሥ ወስደው «ኤክስፕሎድ» አሉት። ሲወስዱት ባሩድ አልነበረበትም። ትርጉሙ በንቀት ማባረር፣ አንድን ሐሳብ አሳፍሮ መጣል ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ስመ ጥር መዝገበ ቃላት ውስጥ እንኳ ቀድሞ የሰፈረው ፍቺ በንቀት ድምፅ አዋርዶ ማባረር የሚለው ነው። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው ትርጉም፣ በታላቅ ድምፅ መፈንዳት፣ ሌላውን ሁሉ ገፍቶ የገነነው ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁ ቀረ፣ እጁ ተረሳ። ከዚያው ሥር የበቀለው «አፕሎድ» ግን ማጨብጨብ እንደሆነ ኖረ። «ፕሎዚብል» የሚለው ቅጽልም መጀመሪያ «ጭብጨባ የሚገባው» ማለት ነበር፤ ዛሬ «እውነት የሚመስል» ማለት ብቻ ነው።

የዚህ ትረካ ባለቤት የሆነው ግሥ፣ «ኢምፕሎድ»፣ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ላቲን ቢመስልም ሮማውያን አያውቁትም። ምሁራን በ«ኤክስፕሎድ» ልክ የሰፉት ቃል ነው፤ «ወደ ውጭ» የሚለውን ቀድደው «ወደ ውስጥ» የሚለውን ተኩበት። ቃሉ ያስፈለገውም የሚገልጸው ነገር ስለነበረ ነው። አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ብርጭቆ ከውጭ ያለው አየር ሲጫነው፣ ወይም ባዶ ዕቃ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ሲሰምጥ፣ ስብርባሪው ወደ ውጭ አይበተንም፤ በራሱ ላይ ይጨማደዳል።

የቋንቋ አጥኚዎችም ከዚሁ ቤተሰብ አንድ ስም ወስደው፣ አየር ወደ ውስጥ እየተሳበ ለሚወጡ ድምፆች ሰጡ። ይህ ከእኛ ደጃፍ የራቀ ነገር አይደለም። ኦሮምኛ ተናጋሪ «ዹጋ» ሲል፣ ማለትም «እውነት» ሲል፣ የመጀመሪያዋ ድምፅ ከዚህ ዓይነት ናት። የግዕዝ ፊደል «ደ»ን ወስዶ ምልክት ጨምሮ «ዸ»ን የቀረጸው ለእሷ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ድምፅ በመደበኛ ፊደሉ የለውም፤ ስሙን ብቻ ነው ያወጣው።

ከዚህ በኋላ ግሡ ወደ በረሃ ይወርዳል።

በ1943 በኒው ሜክሲኮ፣ አቶም ቦምብ ይሠራበት በነበረው በሎስ አላሞስ የምስጢር ጣቢያ፣ ሴዝ ኔደርማየር የተባለ ፊዚሲስት አንድ ሐሳብ አቀረበ። የቦምቡን ማዕድን ዙሪያውን በፈንጂ ከብቦ በአንድ ቅጽበት ወደ መሐል መጭመቅ ይቻላል አለ። መጀመሪያ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም፤ ፈንጂ ይበትናል እንጂ እንዴት አስተካክሎ ይጨምቃል አሉ። በ1944 ግን ፕሉቶኒየም በሌላው ዘዴ፣ አንዱን ቁራጭ በመድፍ ወደ ሌላው በመተኮስ፣ እንደማይሠራ ታወቀና ያ የተናቀ ሐሳብ፣ «ኢምፕሎዥን» የተባለው፣ ብቸኛው መንገድ ሆነ። ሐምሌ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ ተሞከረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በዚሁ ዘዴ የተሠራ ቦምብ ነሐሴ 9 ቀን ናጋሳኪ ላይ ወደቀ። በሰላም ጊዜ የብርጭቆ መሰበርን ይገልጽ የነበረ ቃል አንድ ከተማ ጠፋበት።

ቃሉ በዚያ ትርጉሙ ለዓመታት የመንግሥት ምስጢር ነበር። በመጋቢት 1951 በኒውዮርክ በሮዘንበርግ ባልና ሚስት ላይ በተካሄደው የስለላ ችሎት የሚስትየው ወንድም የቦምቡን አሠራር የሚያሳይ ሥዕል በማስረጃነት አቀረበ፤ ዳኛው ሥዕሉ እንዲታሸግ አዘዙ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጥር 27 ቀን 1951፣ ከላስ ቬጋስ በስተሰሜን ምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የኔቫዳ መሞከሪያ ሥፍራ የመጀመሪያው ኑክሌር ቦምብ ፈንድቶ ነበር። እስከ 1992 ድረስ እዚያ 928 ሙከራዎች ተካሂደዋል፤ ከእነዚህ መቶ ያህሉ ከምድር በላይ ነበሩ።

ላስ ቬጋስ ያኔ ገና ልጅ ከተማ ናት። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በምንጭ ውኃዋ ዙሪያ የበቀለውን ለምለም መስክ አይተው «መስኮቹ» ብለው የሰየሟት፣ በግንቦት 1905 መሬቷ በጨረታ ተሽጦ ከተማ የሆነች፣ በ1931 ኔቫዳ ቁማርን ስትፈቅድ ዕጣ ፈንታዋ የተለየላት ሥፍራ ናት። የበረሃው ብልጭታ ሲመጣባት ከመሸሽ ይልቅ ሸጠችው። የንግድ ምክር ቤቷ የፍንዳታውን ቀንና ጥሩ መመልከቻ ቦታዎችን የያዘ የቀን መቁጠሪያ ያድል ነበር። ዴዘርት ኢን ሆቴል ከፎቁ አናት ካለው አዳራሽ እንግዶቹ እየጠጡ እንዲያዩ ጋበዘ። በ1957 አንዲት ዳንሰኛ የእንጉዳይ ደመና ቅርጽ ያለው ልብስ ለብሳ ተነሣች፤ ፎቶግራፉ ዛሬም የዚያ ዘመን መለያ ነው። ያንን ፎቶግራፍ ባየሁት ቁጥር ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ የነበሩትን የኔቫዳና የዩታ መንደሮች አስባለሁ። የፍንዳታው አመድ የወረደው በእነሱ ላይ ነው።

በነዚያው ዓመታት በዋናው ጎዳና ላይ ሆቴሎቹ ተራ በተራ ቆሙ። ዴዘርት ኢን በ1950፣ ሳንድስ በ1952፣ ሪቪዬራና ዱንስ በ1955፣ ሃሲየንዳ በ1956፣ ትሮፒካና በ1957፣ ስታርደስት በ1958። በእነዚህ መድረኮች ላይ የዘመኑ ታላላቅ ጥቁር ሙዚቀኞች ይዘፍኑ ነበር። ናት ኪንግ ኮልና ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርን የመሰሉት ሲዘፍኑ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ትዕይንቱ ሲያልቅ ግን በዚያው ሆቴል ማደር አይፈቀድላቸውም፤ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ዌስትሳይድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በግለሰብ ቤት አልጋ ተከራይተው ያድራሉ። ሁለቱ የላቲን ግሦች በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው ላይ ተፈጸሙ፤ አጨበጨቡለት፣ አስወጡት። ይህ ያበቃው በመጋቢት 1960 የጥቁሮች መብት ታጋዮች ጎዳናውን በሰልፍ እንዘጋለን ብለው ካስገደዱ በኋላ፣ ሙላን ሩዥ በተባለው የተዘጋ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ስምምነት ነው። ዛሬ ከእኛ ከኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በሚሠሩባቸው ሆቴሎች የጥቁር ሰው በፊት በር መግባት በዚያ ቀን የተገኘ መብት ነው፤ ሲነገር የማልሰማው ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈለግሁም።

አሁን ወደ ሜሪላንድ እንሂድ። ጃክ ሎይዞ የተባለ ሰው የዛፍ ጉቶ በዲናሚት መንቀል ጀምሮ፣ ከጉቶ ወደ ጭስ ማውጫ፣ ከጭስ ማውጫ ወደ ሕንፃ ተሸጋገረ። ቤተሰቡ ያቋቋመው ድርጅት በዓለም ዙሪያ የታወቀ ሕንፃ አፍራሽ ሆነ። የልጅ ልጁ እንደተናገረችው፣ ይህን ሥራ ከ«ኤክስፕሎዥን» ለይታ «ኢምፕሎዥን» ያለችው የጃክ ባለቤት ናት፤ ዘመኑም 1960ዎቹ አካባቢ ነው። ለባለ ሕንፃና ለከተማ ሹም «ሕንፃህን ላፈንዳው» ከማለት ይህ እንደሚሻል ግልጽ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፤ የቃሉ ፍቺ ያለው እዚያ ነውና። በመጀመሪያ ሕንፃው ይራቆታል፤ በር፣ መስኮት፣ ጣሪያ የማይሸከም ግድግዳ ሁሉ ይወጣል። የኮንክሪት ምሰሶዎች ተበስተው ዲናሚት ይጎርሳሉ፤ በብረት ምሰሶዎቹ ላይ እንደ ቢላ የሚቆርጥ ፈንጂ ይታሰራል። ሁሉም ባንድ ጊዜ አይፈነዱም። በሰከንድ ክፍልፋይ እየተከተሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከመሐሉ ጀምሮ፣ ምሰሶ ከምሰሶ በኋላ ይመታል። መሐሉ ሲሰጥም ዳሮቹን ወደ ራሱ ይጎትታል። ፈንጂው የሚሠራው ምሰሶውን ማሰናከል ብቻ ነው፤ የቀረውን ሥራ የሚጨርሰው የሕንፃው የገዛ ክብደት ነው። የፊዚክስ ሰዎች ይህ በጥብቅ ትርጉሙ «ኢምፕሎዥን» አይደለም ይላሉ፤ ከውጭ የሚጫን ኃይል የለበትምና። ልክ ናቸው። ሕዝቡ ግን ቃሉን ተቀበለ፤ መዝገበ ቃላትም ሕዝቡን ተከተለ።

በአማርኛስ ምን እንበለው? «ወደ ውስጥ ፈነዳ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። አይመቸኝም። በቋንቋችን መፈንዳት መከፈትንም ይይዛል፤ በመስከረም አደይ አበባም ትፈነዳለች። ወደ ውስጥ የሚፈነዳ አበባ የለም። «ተደረመሰ» የሚለው ቃላችን፣ የጉድጓድ አፈር ወይም የግንብ ካብ በራሱ ላይ ሲወርድ የምንለው፣ ነገሩን ከነድምፁ ይዞታል። ሕንፃው ተደረመሰ፤ አፍራሾቹ ደረመሱት። የፈረንጅ ቃል ከማጋባታችን በፊት ጓዳችንን ብንፈትሽ ጥሩ ነው።

የኔቫዳው የመጨረሻ የኑክሌር ሙከራ የተደረገው መስከረም 23 ቀን 1992 ነው። ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1993 ሌሊት፣ ላስ ቬጋስ ፈንጂውን ወደ ገዛ ጎዳናዋ አመጣችው። ባለሀብቱ ስቲቭ ዊን የዱንስን ሆቴል ገዝቶ ሊያፈርሰው ወሰነ። በዚያው ሌሊት «ትሬዠር አይላንድ» የተባለ አዲስ ሆቴሉን ይከፍት ነበርና ሁለቱን በአንድ ትዕይንት አቆራኛቸው። አዲሱ ሆቴል ደጃፍ ባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ የቆመችው መርከብ መድፍ የተኮሰች እንዲመስል ተደረገ፤ በዚያች ቅጽበት የዱንስ ፎቅ ምሰሶዎች ተመቱ። እሳቱ ጎልቶ እንዲታይ የአውሮፕላን ነዳጅ ተጨምሮበታል። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ጎዳና ላይ ወጥቶ ተመለከተ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆመው ሆቴል በጩኸትና በጭብጨባ መሐል ተደረመሰ።

እዚህ ላይ ግሡ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ። ሁለት ሺህ ዓመት ተጉዞ፣ በባሩድና በቤተ ሙከራ፣ በቦምብና በችሎት አልፎ፣ መጨረሻው ተመልካች የሞላበት መድረክ ሆነ። ያረጀው ተዋናይ ተባረረ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። በዱንስ ቦታ በ1998 ቤላጂዮ ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ተከታታይ ነው። ላንድማርክ የተባለው ክብ አናት ያለው ረጅም ፎቅ በኅዳር 1995 ሲደረመስ የፊልም ካሜራ ተደቅኖበት ነበር፤ አወዳደቁ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው «ማርስ አታክስ» ፊልም ውስጥ ገባ። ሳንድስ በኅዳር 1996 ወደቀ፤ በቦታው ቬኒሺያን ቆመ። ሃሲየንዳ የወደቀው በዚያው ዓመት የመጨረሻ ምሽት ነው፤ ሰዓቱ በምሥራቅ አሜሪካ እኩለ ሌሊት ሲሆን እንዲገጥም ተደርጎ በቴሌቪዥን የአዲስ ዓመት ርችት ሆነ። አላዲን በ1998፣ ኤል ራንቾ በ2000። የዴዘርት ኢን አንዱ ፎቅ ደግሞ በጥቅምት 2001፣ ከመስከረም 11 ጥቃት ስድስት ሳምንት በኋላ ወረደ። አገሩ በሙሉ ሌላ ዓይነት ሕንፃ ሲወርድ አይቶ ገና አልጠገገም ነበር። ስታርደስት በመጋቢት 2007፣ ኒው ፍሮንቲየር በኅዳር፣ ሪቪዬራ በ2016።

ከእነዚህ ስሞች መሐል የእኛ ሰዎች ታሪክ አለ። ላስ ቬጋስ በአሜሪካ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሰፈሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ክላርክ ካውንቲም ምግብ ቤቶቻችንና ሱቆቻችን የተሰባሰቡበትን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ይህ ማኅበረሰብ የቆመው በሆቴሎቹ ላይ ነው። ካርታ የሚያድለው፣ መኪና የሚያቆመው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ሌሊቱን ታክሲ ይዞ በሆቴል ደጃፍ ተራ የሚጠብቀው ከእኛ ብዙ ነው። ለተመልካቹ የሆቴል መደርመስ ትዕይንት ነው፤ ፈረቃው እዚያ ለነበረ ሰው ግን የዓመታት ቦታው፣ የሥራ ቅድሚያው፣ የሚያውቃቸው ደንበኞቹ ናቸው የሚወርዱት። «አጨብጭቦ ቀረ» ያልነው ይህንን ነው። በአንድ ሌሊት በጎዳናው ላይ ሁለት ዓይነት ጭብጨባ ነበር።

ግሡ በዚህ መሐል ሌላም ትርጉም አፍርቷል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ኩባንያ፣ የምርጫ ዘመቻ፣ ትዳር፣ የእግር ኳስ ቡድን ሁሉ «ኢምፕሎድ» ያደርጋል፤ ጠላት ሳይነካው ከገዛ ውስጡ የፈረሰ ለማለት። ጥንታዊው የባሕርና የብርጭቆ ትርጉም ተረስቶ ነበር ማለት ይቻላል። በሰኔ 2023 ግን ታይታን የተባለችው ሰርጓጅ ጀልባ የታይታኒክን ስብርባሪ ልታሳይ አምስት ሰዎች ይዛ በአትላንቲክ ስትወርድ የውኃው ክብደት ጨመቃት፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂም ለዓለም ሲያረዳ የተናገረው ያንኑ ቃል ነበር። በዚያ ሳምንት ማንም አላጨበጨበም።

የቬጋስ የቅርብ ጊዜው ተራ የትሮፒካና ነበር። በሚያዝያ 1957 የተከፈተው ሆቴል በሚያዝያ 2024 በሩን ዘጋ። ጥቅምት 9 ቀን 2024፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በርችትና በሰማይ ላይ ምስል በሠሩ ድሮኖች ታጅበው ሁለቱ ፎቆች በሰከንዶች ውስጥ ተደረመሱ። በቦታው የቤዝቦል ስታዲየም እየተሠራ ነው።

ይህንን ከምታነቡት መሐል በሪቪዬራ፣ በስታርደስት ወይም በትሮፒካና የሠራችሁ የአገሬ ልጆች ትኖራላችሁ። ስማችሁ የተጻፈባትን የደረት መታወቂያ አትጣሏት። በየትኛው ፎቅ፣ በየትኛው ፈረቃ፣ ከማን ጋር እንደሠራችሁ፣ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ለማን እንደላካችሁ ጻፉት። በአማርኛ ጻፉት።